የፋሲካ ድግስ፦ ከሦስት ሳምንት በፊት እስከ ዶሮ ጩኸት

ለእንቁጣጣሽ ወጥ ሲሠራ ጨው ይቀመሳል። ቢጎድል ይጨመራል፣ ቢበዛ መላ ይፈለጋል። ለፋሲካ ግን ሠሪዋ ራሷ ጾመኛ ናት። 55 ቀን የጾመች ሴት ቅዳሜ ማታ ድስት ሙሉ ዶሮ ወጥ ትሠራለች፤ አንዲት ጠብታ እንኳን ምላሷ ላይ አታደርግም። ገናም ጾም አለው፤ ፋሲካን የሚያከብደው ሕማማቱ ነው። ዓርብ ስቅለት ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ስግደት ነው። አክፍሎት የያዘ ሰው ደግሞ ውሃም አይቀምስ። በዚህ ድካም ላይ ነው ቅዳሜ የሚመጣው።

አንድ ዓመት ሁሉንም ነገር ለቅዳሜ ትቼው ነበር። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ሽንኩርቱ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ከሰል አቀጣጥለን ቀጠልን። በዚያ ጥድፊያ እኔም ጨው ጨመርኩ፣ እህቴም ጨመረች። የቀመሰ ሰው ስለሌለ ማንም አላወቀም። ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን መሶቡ ሲከፈት ነው የታወቀው። አባቴ ዝም ብሎ በላ፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ይዣለሁ። በጾም ምላስ ሊቀመስ የሚችለውን ሁሉ በጾሙ ጊዜ ሠርቼ፣ ቀምሼ፣ አስተካክዬ አስቀምጣለሁ። ለቅዳሜ የሚቀረው ዶሮው፣ ቅቤውና እንቁላሉ ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ሁሉ የሚሽከረከረው በዚህ ዙሪያ ነው።

መጀመሪያ ቀኑንና እንግዳውን ቁጠሩ

ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ይዘዋወራል። በ2019 ዓ.ም. ሚያዝያ 24 ላይ ይውላል። እንግዲህ ቅዳሜ ሥዑር 23፣ ስቅለት 22፣ ጸሎተ ሐሙስ 21፣ ሆሳዕና 17 ነው ማለት ነው። ካሌንደር ላይ ከበዓሉ ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ ምልክት አድርጉ። ዓርብን በቀይ እስክርቢቶ አጥፉት። የሥራ ቀን አይደለም።

ከዚያ እንግዳ ቁጠሩ። እኔ የምሠራው ለ20 ሰው ያህል ነው፤ ልኬቶቼም በዚያ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። አንድ ዶሮ 12 ብልት ይወጣዋል። በግና አልጫ ካለ አንድ ዶሮ ለ6 እና ለ7 ሰው ይበቃል። ስለዚህ 3 ዶሮ። እንቁላል ለእያንዳንዱ ሰው አንድ፣ ለመጠባበቂያ 4 ጨምሩ፤ 24 ይሆናል። ሽንኩርት ለአንድ ዶሮ 2 ኪሎ፣ ለአልጫና ለጥብስ ደግሞ 4 ኪሎ፤ በድምሩ 10 ኪሎ። በርበሬ ለአንድ ዶሮ 200 ግራም ገደማ። የተነጠረ ቅቤ ለአንድ ዶሮ ሩብ ኪሎ። እንጀራ ለአንድ ሰው ሁለት ተኩል ብላችሁ አስቡ፤ 50 ይሆናል። በእኔ ምጣድ ከአንድ ኪሎ የጤፍ ዱቄት 5 እንጀራ ይወጣል። የእናንተን ምጣድ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ይህን ሁሉ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ፍሪጁ ላይ ለጥፉት። በበዓል ሰሞን ጭንቅላት አይታመንም።

ሦስት ሳምንት ሲቀረው፦ ቅቤ፣ ቅመምና መጠጥ

ቅቤ በበዓሉ ሳምንት አትግዙ። ዋጋው ይወጣል፣ ጥሩው ያልቃል፣ የተቀላቀለም ይበዛል። ሦስት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ሾላ ገበያም ሆነ ሰፈራችሁ ያለ የምታምኑት ነጋዴ ጋ ሂዱ። ለጋ ወይም መካከለኛ ይሁን። በሳሉን የሚወዱ አሉ፤ ለዶሮ ወጥ ግን ሽታው ሌላውን ቅመም ይውጠዋል። ለ20 ሰው 2 ኪሎ እገዛለሁ፤ ሲነጠር ይቀንሳልና።

አነጣጠሩን ታውቁታላችሁ፤ በአጭሩ ልበል። በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡት። በለስላሳ እሳት ይቅለጥ። ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ በሶብላ፣ አብሽ፣ ትንሽ እርድ፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይግባበት። አረፋው አልቆ ቅቤው እንደ መስታወት ሲጠራ አውርዱት። አጥልላችሁ ፍጹም ደረቅ በሆነ ማሰሮ ወይም ጠርሙስ ገልብጡ። የውሃ ጠብታ ካለበት ይበላሻል። ፍሪጅ ውስጥ እስከ በዓሉ ያለ ሐሳብ ይቆያል። ይህ ሥራ መቅመስ አይፈልግም፣ አፍንጫ ይበቃዋል።

በርበሬ የምታስፈጩ ከሆነ ይሄው ጊዜው ነው። የገዛችሁትን ከሆነ የምትጠቀሙት አሁኑኑ በትንሽ ሽንኩርትና ዘይት ሠርታችሁ ሞክሩት። አንዳንዱ በርበሬ ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል። ይህን ቀድሞ ማወቅ ለቅዳሜ ማታ ትልቅ እፎይታ ነው።

ጠጅ የሚጥል ሰው አሁን ይጀምር። በቤታችን ለ1 ኪሎ ማር 3 ሊትር ውሃ ነው። ማሩ በውሃው ተበጥብጦ ሦስት ቀን ተከድኖ ይቆያል፤ ከዚያ የጌሾ እንጨት ይገባበታል። በየቀኑ አማስሉት። ሁለት ሳምንት አልፎት ጌሾው ሲወጣና ሲጠለል ለበዓሉ ይደርሳል። ጠላም ጥንስሱ፣ ድፍድፉና እንኩሮው ተደምሮ ሁለት ሳምንት ቢሰጠው ጥሩ ነው። ጊዜ ለሌለው ግን ብርዝ አለ። ቅዳሜ ማር በውሃ በጥብጣችሁ ማቀዝቀዝ ነው። ልጆችም ይጠጡታል።

አንድ ሳምንት ሲቀረው፦ ቁሌት

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። የዶሮ ወጥ ሙያ ቁሌቱ ላይ ነው። ረጅሙም ሥራ እሱ ነው። ቁሌት በዘይት ከተሠራ ደግሞ የጾም ምግብ ነው። ትቀምሱታላችሁ! ጨው ቢጎድለው፣ በርበሬው ጥሬ ጥሬ ቢል፣ ሽንኩርቱ ቢጣፍጥ ያኔውኑ ታውቁታላችሁ። ቅቤው ቅዳሜ ይደርስበታል።

እናቴ መጀመሪያ ስነግራት አልተዋጠላትም። «ቁሌት ከቅቤው ጋር ካልበሰለ ምኑን ዶሮ ወጥ ሆነ?» አለች። እውነትም አላት፤ ቅቤው ከበርበሬው ጋር ሲንተከተክ የሚሰጠው ነገር አለ። ለዚህ ነው ቅዳሜ ቅቤውን ጨምሬ ዶሮው ከመግባቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ሙሉ የማንተከትከው። ሁለተኛው ዓመት ላይ እናቴ በላች፣ ዝም አለች፣ ጨመረች። ከዚያ በኋላ አላነሳችውም።

ከሆሳዕና በፊት ባለው ቅዳሜ እንዲህ ሥሩት።

6 ኪሎ ሽንኩርት አድቅቃችሁ ክተፉ። እጅ የሚያግዝ ሰው ጥሩ፤ ይህ ብቻውን ሁለት ሰዓት ይፈጃል። በማሽን የምትፈጩ ከሆነ በጥቂት በጥቂቱ፣ እየቆረጣችሁ እየተዋችሁ አድርጉት። ልሞ ውሃ ከሆነ አይቁላላም፣ ይቀቀላል።

ወፍራም ቂጥ ያለው ድስት ምረጡ። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት፣ ያለ ውሃ፣ በመካከለኛ እሳት አቁላሉት። መጀመሪያ የራሱን ውሃ ያወጣል። ውሃው ሲያልቅ እሳቱን ቀንሱ። ከዚህ በኋላ ከድስቱ አትራቁ። ለዚህ ብዛት ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። ቀለሙ ጠቆር ብሎ፣ በማማሰያው ሲጫኑት ጭቅቅ ሲል በቅቶታል። ችኩል ሰው እዚህ ላይ ነው ወጡን የሚያጣው። ያልበሰለ ሽንኩርት ኋላ ምንም ቢጨመርበት ጣፋጭና ውሃ ውሃ የሚል ወጥ ነው የሚሰጠው።

ከዚያ ሁለት የውሃ ብርጭቆ ዘይት፣ ቀጥሎ በርበሬውን ጨምሩ። 600 ግራም በርበሬ ቶሎ ድስቱን ይይዛል፤ ስለዚህ የፈላ ውሃ አጠገባችሁ ይኑር። ሲይዝ ጠብ፣ ሲይዝ ጠብ እያደረጋችሁ ከ45 ደቂቃ ያላነሰ አብስሉት። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በመሀል ይግባ። የበርበሬው ጥሬ ሽታ ጠፍቶ ዘይቱ ወደ ላይ ሲንሳፈፍ አውጡት።

አሁን ጨው። ለአንድ ዶሮ ቁሌት አንድ የሾርባ ማንኪያ ልሙጥ አድርጉና ቅመሱ። በርበሬው ጨው ካለው ከዚያ ቀንሱ። ቁሌቱ ትንሽ ጠንከር ያለ ጨው ይኑረው። ምክንያቱም ቅዳሜ ዶሮ፣ ቅቤና ትንሽ ውሃ ይገቡበታል፤ ሁሉም ያለዝበዋል። ይህ የመጨረሻው ጨው ነው። ቅዳሜ ማንም ጨው አይጨምርም። ጨው ያዡ አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ይህን በቤቱ ላሉት ሁሉ ንገሩ።

ቁሌቱ ሲቀዘቅዝ በሦስት ዕቃ ክፈሉት፤ አንዱ ዕቃ የአንድ ዶሮ ነው። ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት። ፍሪዘር ከሌላችሁ ይህን ሥራ ወደ ረቡዕ አምጡት፤ ፍሪጅ ውስጥ እስከ ቅዳሜ ይቆያል።

ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ልብ በሉ። ሽንኩርት ስታቁላሉ መስኮት ክፈቱ፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮሃል። እዚያ የሚሸጠው ዶሮ ሥጋው ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይፈርሳል። ታፋና ቅልጥሙን ለብቻው መግዛት ከሙሉ ዶሮ ይሻላል። እንጀራ ከሐበሻ ሱቅ የምትወስዱ ከሆነ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ እዘዙ። በፋሲካ ሰሞን ሁሉም ያንኑ ሱቅ ነው የሚደውለው።

ከሆሳዕና እስከ ሐሙስ

ሰኞና ማክሰኞ የቀረውን ግዢ ጨርሱ። ሽንኩርት፣ እንቁላል፣ ሎሚ፣ ዱቄት፣ ከሰል፣ ቡና፣ ዕጣን፣ ፈንዲሻ። ከሰሉን አትርሱ። ቅዳሜ ከሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ስለሚለኩስ መብራት ሊዳከም ወይም ሊጠፋ ይችላል።

ዶሮና በግ ረቡዕ ቢገዙ ጥሩ ነው። ዶሮ ስትመርጡ ደረቱን ዳብሱ፣ ዓይኑን እዩ፣ ንቁ ይሁን። የሐበሻ ዶሮ ለወጥ ጣዕሙ የተለየ ነው፤ ግን መብሰያው ረዥም ነው። በግ የሚያርድላችሁን ሰው ደግሞ በዚሁ ሳምንት ተነጋግራችሁ ሰዓት ያዙ። እሑድ ጠዋት አራጅ ፍለጋ መውጣት የማይመከር ነገር ነው።

ረቡዕ ማታ ቡኮ ይቦካ። ለ50 እንጀራ 10 ኪሎ ዱቄት። ቅዳሜ ጠዋት ለመጋገር በደንብ ይደርሳል። ለጉልባንም ባቄላውን፣ ስንዴውንና ሽንብራውን በዚያው ማታ ዘፍዝፉት።

ሐሙስ ጉልባን ተቀቅሎ ይበላል። ቤት ማጽዳት፣ መጋረጃ ማጠብ፣ የሚበደር ድስትና ሰሃን ከጎረቤት ማምጣት የዚህ ቀን ነው። የጥብስና የአልጫ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርትም አጽድታችሁ አስቀምጡ።

ዓርብ ሂዱ ስገዱ። ማታ ስትመለሱ የሚሠራው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ቁሌቱን ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ ማውረድና የድፎ ዳቦውን ሊጥ ማቡካት። ለ3 ኪሎ ዱቄት እርሾውን ትንሽ አድርጉ። ሌሊቱን ሙሉ ስለሚያድር እርሾ ከበዛ ይኮመጥጣል።

ቅዳሜ፣ ሰዓት በሰዓት

ንጋት 12 ሰዓት ላይ የቡኮውን ውሃ አንቆርቁራችሁ አብሲቱን ጣሉ። ኩፍ እስኪል ድረስ ቤቱን አስተካክሉ። 2 ሰዓት ላይ ምጣዱ ይሟሽ። እንጀራ በጠዋት መጋገር ሁለት ጥቅም አለው። መብራቱ ጠንካራ ነው፣ እናንተም ገና አልደከማችሁም። ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። እንጀራው በደንብ ሳይቀዘቅዝ መሶብ ውስጥ አትደራርቡ፤ ያልበዋል፣ ይጣበቃል።

በመሀል ከቤተ ክርስቲያን ቄጤማ ይዘው ይመጣሉ። ግንባር ላይ ይታሰራል። ጥቂት አረፍ በሉ።

6 ሰዓት ላይ ድፎ ዳቦ። ኮባውን በእሳት ለብለብ አድርጋችሁ አለስልሱት፤ ካልሆነ ይሰነጠቃል። ሊጡን ጠቅልላችሁ ከላይም ከታችም እሳት ስጡት። በኦቭን የምትጋግሩ መጀመሪያ ጠንከር፣ ኋላ ቀነስ አድርጉ። እንቁላሉም በዚሁ ሰዓት ይቀቀል። ለ10 ደቂቃ ቀቅላችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከከተታችሁት ቅርፊቱ በቀላሉ ይላቀቃል።

9 ሰዓት ላይ ዶሮ ይታረድ። በፈላ ውሃ መንጨት፣ በእሳት መለብለብ፣ ብልት ማውጣት፣ ማጠብ፤ ለአንዱ ዶሮ አንድ ሰዓት ያህል አስቡ። ሁለት ሰው ከሆናችሁ 11 ሰዓት ላይ ትጨርሱታላችሁ። እጥበቱ ላይ አትስነፉ። ውሃው ኩልል ብሎ እስኪወጣ ደጋግማችሁ እጠቡ፣ በመጨረሻ በሎሚና በጨው ዘፍዝፉት። ጨው ስለሚነካው ድስት ከመግባቱ በፊት እንደገና በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ። የቁሌቱ ጨው ልክ የሚሆነው ይህ ሲደረግ ነው።

11 ሰዓት ተኩል ላይ ቁሌቱን ድስት ላይ አውጡ። ቅቤውን፣ 750 ግራም፣ ጨምሩበት። ግማሽ ሰዓት ይንተክተክ። ከዚያ ጠንካራ ብልቶች ቅድሚያ ያግኙ። ቅልጥምና ታፋ ይቀድማሉ፣ ክንፍና ፈረሰኛ ይከተላሉ። ለሐበሻ ዶሮ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል፤ ለፈረንጅ ዶሮ ግን 40 ደቂቃ በቂ ነው። ብዙ አታማስሉ፣ ድስቱን ነቅነቅ አድርጉት። ሊወጣ ሲል መከለሻ ነስንሱ። እንቁላሉን ዙሪያውን ጫር ጫር አድርጋችሁ ክተቱትና ከ5 ደቂቃ በኋላ አውርዱ።

ጨው የሚያሳስባችሁ ከሆነ ጾም ያልጀመረ ሕፃን ቤት ውስጥ አይጠፋም። በእንጀራ ጫፍ ትንሽ አቅምሱት፤ ፊቱን እዩ። እናቴ ግን ጨውን በሽታው ነው የምትለየው። ድስቱን ገለጥ ታደርግና «ልክ ነው» ትላለች። ይህ ሙያ ለእኔ ገና አልመጣም።

ሁለት ሰዓት ገደማ ወጡ አልቋል። ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳችሁ በፊት ግን ትልቁን ድስት እንደሞላ አትተዉት። ሚያዝያ ሙቀት ነው፤ ትልቅ ድስት እስኪቀዘቅዝ ሌሊቱ ያልፋል። በሁለትና በሦስት ትንንሽ ዕቃ ገልብጡት። እንፋሎቱ ሲበርድ ፍሪጅ ይግባ።

ሌሊቱና እሑድ

ሥርዓተ ቅዳሴው አልቆ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ቤት ይደረሳል። ቀድማ የምትመለስ አንዲት ሴት ወይም ጎረምሳ ልጅ ይኑር። ወጡ ቡልቅ ቡልቅ እስኪል በደንብ ይሙቅ። ከሁሉ በፊት የተልባ ውሃ ለሁሉም ይቀዳ። 55 ቀን ቅባት ያልነካ ሆድ በአንዴ ቅቤ ሲገባበት ይታመማል። ተልባው ጠዋት ላይ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ ቢጠብቅ ጥሩ ነው። ከዚያ ታላቅ የሆነው ሰው ባርኮ ዳቦውን ይቁረስ። ሌሊት ጥቂት ብቻ አቅርቡ፤ አንድ አንድ ብልት፣ አንድ አንድ እንቁላል። ዋናው ምሳ ነው። በተለይ ሽማግሌዎችን «በሞቴ» እያላችሁ አታስጨንቁ።

እሑድ ጠዋት በግ ይታረዳል። ዱለቱ ለቁርስ፣ ጥብሱና አልጫው ለምሳ ነው። ቃሪያና ነጭ ሽንኩርቱ ሐሙስ ስለተዘጋጀ ይህ ፈጣን ሥራ ነው። አልጫውን ግን ቀደም ብላችሁ ጣዱት፤ አጥንቱ ጊዜ ይፈልጋል። ቅርጫ የገባችሁ ድርሻችሁን ስትቀበሉ የጥብሱን፣ የወጡንና የቋንጣውን ለይታችሁ አስቀምጡ። ሁሉም ተደባልቆ ፍሪጅ ከገባ ማክሰኞ ማን ያስታውሰዋል?

ምሳ 7 ሰዓት ብላችሁ ከጠራችሁ እንግዳ 8 ሰዓት እንደሚመጣ አስቡ። ወጡን በሁለት ዙር አሙቁ። አንዱን ዕቃ ለመጀመሪያዎቹ፣ ሌላውን ለዘገዩት። አንድ ድስት ደጋግሞ ሲሞቅ ዶሮው ይፈርሳል፣ እንቁላሉም ይጠነክራል።

ለአማትና ለክርስትና አባት የሚሄደውን አክፋይ ከምሳው በፊት ለዩት። ድፎውም ሁለት ቢጋገር የሚሻለው ለዚህ ነው። አንዱ ሳይቆረስ ይሄዳል።

የተረፈው ዶሮ ወጥ ፍሪጅ ውስጥ እስከ ረቡዕ ይበላል። ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ ከሆነ ፍሪዘር ይግባ፤ መጀመሪያ ግን እንቁላሎቹን አውጡና ብሉ። ፍሪዘር ውስጥ እንቁላል እንደ ጎማ ይሆናል። መረቁን ደግሞ ለሰኞ ጠዋት ትንሽ አስቀሩ፤ በደረቀው እንጀራ ፍትፍት ይሆናል።